በካርታው ላይ ያላስቀመጥነው ጸበል

ዜናው ሲደርሰኝ እጆቼ በአመድ ነጥተው ነበር። ከጎረቤላ ወደ ቆላው አቅጣጫ ቁልቁል ሲወረድ በምትገኝ አንዲት መንደር፣ አውድማ ላይ ተንበርክኬ፣ መሬት ላይ ለምንሠራው የመንደሩ ካርታ ከሴቶቹ ጋር በአመድ መንገድ እሠራለሁ። ስልክ እዚያ አይሰማም። የሚሰማው ከመንደሩ በላይ፣ ገደሉ ጫፍ ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ብቻ ነውና ተማሪዎቹ ድንጋዩን «ቢሮ» ብለው ሰይመውት ነበር። «ሰዓዳስ የት አለች?» ሲባል «ቢሮ ገብታለች» ይባላል።

ሰዓዳ የአልዩ አምባ ልጅ ናት። ያኔ ሁለታችንም ሁለተኛ ዲግሪያችንን ጨርሰን፣ በዩኒቨርሲቲያችን ለድኅረ ምረቃ የጂኦግራፊ ተማሪዎች የሚሰጠውን የመስክ ሥራና የጥናት ዘዴ ኮርስ በረዳትነት እናስተምር ነበር። ለእናቷ ልትደውል እንደወጣች የእሷ ድምፅ ከላይ ወረደ።

«አስኩ! አስካለ! ወንድምሽ ነው! ቪዛሽ ወጥቷል! ትኬቱ ለዓርብ ነው ይላል!»

ገደሉ ድምፅ ይመልሳልና «ዓርብ» የሚለውን አገር ሁሉ ሰማው። እኔ አመዴን እንደጨበጥኩ ቀረሁ። አጠገቤ የነበረችው እትዬ ዘነበች ቀና ብላ አየችኝ። እትዬ ዘነበች የሴቶቹ አፍ ናት፤ እሷ ያለችበት ቦታ ሌላው ሰው የሚናገረው እሷ ትንፋሽ ስትወስድ ነው።

«ዐረብ አገር ነው?» አለችኝ።

«አይደለም እትዬ፣ ጀርመን ነው። ለትምህርት።»

«አሁንም ትምህርት? አንቺ ልጅ፣ መቼ ነው የሚያልቅልሽ? የእኔዋ ስምንተኛ ክፍል ላይ ጨርሳ ይኸው ሦስት ወልዳለች!»

ሴቶቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ወዲያው ሌላ ነገር ሆነብኝና ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። ደስ ብሎኛል፣ እመቤቴ ምስክሬ ናት፤ ስንት ሱባዔ የገባሁበት ነገር ነው። ግን ዕለቱ ማክሰኞ ነበር፣ ካርታው የሚነበበው ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ።

ይህን ለማታውቁ ላስረዳ። ኮርሱን የሚመሩት ዶክተር አየነው የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። ደብረ ብርሃን ክፍል ውስጥ፣ ጠዋት ጠዋት ውርጩ መስኮቱን ሳይለቅ፣ ግማሹ ተማሪ ካፖርት ግማሹ ጋቢ ለብሶ፣ ናሙና አወሳሰዱን፣ መጠይቁን፣ የሳተላይት ሥዕል ንባቡን ያስተምሩናል። መስክ ስንወርድ ግን ያን ሁሉ ወረቀት ቦርሳ ውስጥ ያስቀምጡታል። ሰው ቤት ገብቶ ቶሎ ጥያቄ የጀመረ ተማሪ ካለ ከበስተኋላው ድምፃቸው ይመጣል፦ «ቁጭ በል እንጂ! ጠይቅ ያልኩህ መቼ ነው?» የተሰጠህን ትቀምሳለህ፣ ስለ ከብቱ ጤንነት ትጠይቃለህ፣ ስለ ዝናቡ ታወራለህ፤ ባለቤቱ ራሱ «ለመሆኑ ምን ልታደርጉ መጣችሁ?» ሲልህ ያኔ ሥራህ ተጀመረ።

ከሁሉ የጠነከረው ሥርዓታቸው ግን የመጨረሻው ነበር። የመንደሩን ካርታ የሚሠሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው፣ መሬት ላይ፣ በእጃቸው ባለው ነገር። እኛ ወደ ወረቀት እንገለብጠዋለን። ከዚያ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነብላቸዋለን፤ «ይኼ የእገሌ ቤት ነው፣ ይኼ ወደ ወፍጮ የሚወስደው መንገድ ነው» እያልን። የተሳሳተውን ያርማሉ፣ መውጣት የሌለበትን ያስወጣሉ፣ የቀረ ካለ ይጨምራሉ፣ ሽማግሌ ይመርቃል። «ሰዎቹ ያልሰሙትን ካርታ ይዞ ከመንደር የወጣ ተማሪ ከእኔ ማርክ አይጠብቅ» ይሉ ነበር።

እንግዲህ ያን ንባብ ሳልሰማ ነው አገሬን የተውኩት።

ካርታው ግን ሲሠራ ነበርኩ፣ ተመስገን። ቀኑ እንዴት ያለ ቀን ነበር! ጉሙ ከቆላ እየተነሣ ጥዶቹን አንዴ ይውጣቸዋል፣ አንዴ ይተፋቸዋል። አውድማው እህሉ ተነሥቶ ባዶ ነው። አመዱ መንገድ፣ ባቄላው ቤት፣ የአስታ ቅጠሉ ደን፣ ውሃ ደግሞ ከጅረት የተለቀመ ሰማያዊ ጠጠር ሆነ። ባቄላ ሲያልቅ በላቸው የሚባለው የደነባ ልጅ፣ ከተማሪዎቻችን ሁሉ ቀልደኛው፣ በአተር ቀጠለ። እትዬ ዘነበች ቤቷን ፈልጋ አገኘችው።

«አንተ! የጎረቤቴን ቤት በባቄላ ሠርተህ የእኔን በአተር? ምን በደልኩህ?»

«እትዬ፣ ባቄላ አልቆብኝ ነው።»

«ሲያልቅ በእኔ ላይ ነው የሚያልቀው? በል አንሣው! በአተር ቤት አላድርም!»

በላቸው ከራሱ የቆሎ ኪስ ውስጥ አንድ ባቄላ ፈልጎ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ለጥ ብሎ እጅ ነሥቶ አስረከባት። ያን ዕለት የሳቅነውን ሳቅ እዚህ አገር ሆኜ ብዙ ጊዜ ፈልጌዋለሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ላይ ስንደርስ ግን ሁላችንም ረጋ አልን። ካርታው መሬት ላይ ነው፤ እንረግጠዋለን፣ በጫማ እንዞርበታለን። ማንም ምንም ሳይል አንዲት ሴት ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጥታ ከካርታው ጫፍ ከፍ አድርጋ አስቀመጠች፣ ጧፍ የምታህል እንጨት አቆመችበት፣ ያ ቤተ ክርስቲያኑ ሆነ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያለውን ጸበል የነካ ግን የለም። ሴቶቹም አላስቀመጡት፣ እኛም አልጠየቅንም። የምንጮቹን ጠጠር አንድ በአንድ ስናስቀምጥ እኔ ራሴ ልቤ ወደዚያ አልሄደም። ጸበሉን መሬት ላይ አድርጎ በጫማ ሊራመድበት የሚደፍር ክርስቲያን ማን አለ? ሰዓዳ ብቻ ልብ ብላ ኖሮ፣ ኋላ ስጠይቃት «የእናንተ ነገር ስለሆነ ምክንያት አለው ብዬ ዝም አልኩ» አለችኝ። ጨዋ ናት።

ረቡዕ ጠዋት ጎረቤላ ወጥቼ በተገኘው መኪና ደብረ ብርሃን ገባሁ። ቤታችን ዘመድ ሞልቶ ጠበቀኝ። የሁሉም ወሬ የጀርመን ብርድ ነው። አጎቴ ብቻ «የደብረ ብርሃን ልጅ ናት እኮ! ብርዱ ነው ከሷ መጠንቀቅ ያለበት» አለ። እናቴ ግን አልሰማችውም፤ ወፍራሙን የሱፍ ብርድ ልብስ አጥፋ አጥፋ ሻንጣውን አስጨነቀችው። የጾም ወቅት ስለነበር በሶውንም ሽሮውንም አብዝታ ቋጠረችልኝ።

በሶው የጀርመን ጉምሩክ ላይ አስቆመኝ። ወጣት ፖሊስ ነው፣ ከረጢቱን ፈትቶ አሸተተው።

«ይሄ ዱቄት ምንድን ነው?»

«የተቆላ ገብስ ነው። ምግብ ነው።»

«ገብስ እኮ ጀርመን አገርም አለ። ለምን ይሸከሙታል?»

አለ፣ ግን ሁሉንም ቢራ አድርጋችሁት ጨርሳችሁታል፣ አልኩ በልቤ። በአፌ «እናቴ ናት የሰጠችኝ» ብቻ ነው ያልኩት። ሰውዬው ከረጢቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ራሱ መልሶ ቋጠረልኝ። አገር ለአገር ብንራራቅም የእናት ነገር ይገባቸዋል ብዬ ተጽናናሁ።

ቤት ያከራየችኝ ፍራው ክላይን፣ ወይዘሮ ክላይን እንደ ማለት ነው፣ የምትባል አሮጊት ናት። ደግ ናት፣ እግዚአብሔር ይስጣት፣ አንድ ጠባይ ብቻ አለባት፤ «ሉፍተን» የሚባል። ሉፍተን ማለት በክረምቱ መካከል፣ በረዶ እየጣለ፣ ጠዋትና ማታ መስኮቱን ወለል አድርጎ መክፈት ነው። እኛ ቤት ዕድሜያችንን ሙሉ የንፋስ ቀዳዳ ስንደፍን ነው የኖርነው።

«ፍራው አስካለ፣ ዛሬ ሉፍተን አላደረጉም። ግድግዳው ይሻግታል።»

«ፍራው ክላይን፣ ብርድ እኮ ይገባል።»

«ይግባ እንጂ! ገብቶ ይወጣል። ውሉ ላይ ተጽፏል።»

ብርድ እንዲገባ የሚያስገድድ ውል የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ ምን እላለሁ። የእናቴን ብርድ ልብስ ተከናንቤ መስኮት እከፍታለሁ። አንድ ቀን ኬክ ይዛልኝ መጣች።

«ጾም ነው፣ ወተትና ቅቤ አልበላም» አልኳት።

«እስከ መቼ?»

«እስከ ፋሲካ።»

«ፋሲካ እኮ አልፏል!»

«የእናንተ ነው ያለፈው። የእኛ ገና ነው።»

ፋሲካችን ሲደርስ ኬኩን አምጥታ አብረን በላን፣ ደስ አላት። ጥቂት ቆይታ ሌላ ይዛ ስትመጣ የሐዋርያት ጾም ገብቶ ነበር። «ፍራው አስካለ፣ እርስዎ አገር ኬክ የሚበላው መቼ ነው?» አለችኝ።

እዚህም የመስክ ኮርስ አለ፣ አብሬ ወጥቻለሁ። ተማሪዎቹ ጎበዞች ናቸው፣ መሣሪያቸውም የሚያስቀና ነው። ገበሬውን ለማነጋገር ግን «ተርሚን» ይያዛል፤ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ያለ ተርሚን እዚህ አገር ምንም አይሆንም። ገበሬው በር ላይ ቆሞ ይመልሳል፣ ተማሪው ቆሞ ይጠይቃል፣ ያበቃል። እኔ ልማዴ ነውና ከቤቱ ደጃፍ ባለች አግዳሚ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰውዬው ደንግጦ «አመመዎት?» ብሎ ውሃ አመጣልኝ። ውሃውን ስጠጣ ስለ ላሞቹ ጠየቅሁት። ልጆቹ ሰዓታቸውን እያዩ እኔና እሱ ስለ ላም ብዙ አወራን። ዶክተር አየነው ቢያዩኝ እያልኩ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የዶክትሬት ሥራዬ የዚያች መንደር ውሃ ነው። ወረቀት ላይ የተገለበጠውን ካርታ ሰዓዳ ልካልኝ ስለነበር ለአማካሪዬ ለፕሮፌሰሯ አሳየኋት። እሷም የሳተላይቱን ሥዕል ከጎኑ ከፈተችና ጣቷን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች አደረገች።

«በበጋ ሁሉም ደርቆ ሳለ ይቺ ብቻ አረንጓዴ ናት። እናንተ ካርታ ላይ እዚህ ምንም የለም። ምንድን ነው?»

ሳየው ወዲያው አወቅሁት። ከጸበሉ አጥር ውጭ የሚፈሰው ነው። ምንጮቹ በበጋ ሲቀንሱ የታችኛው ቤት ሰዎች ጄሪካን ይዘው የሚሄዱት ወደዚያ ነው፤ በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው።

«ጸበል ነው» አልኳት።

«ጸበል ምንድን ነው?»

«የተቀደሰ... ሰው ይጠመቅበታል። ሕመምተኛ ይድንበታል።»

«ሰው ይጠጣዋል?»

«ይጠጣዋል።»

«እንግዲያው የውሃ ቦታ ነው፣ አስካለ።»

ሁለታችንም እውነት ተናግረን ነበር።

እሷ ክፉ ሰው አይደለችም። እንዲህ ነው ያለችኝ፦ ጽሑፉ ሲታተም ካርታው ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፣ የፈለገ ሁሉ ያየዋል፣ የውሃ ጉዳይ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶችም ይወስዱታል። ጸበሉ ካልገባ ካርታው ውሸት ይናገራል፤ የታችኛው ቤት ሰዎች በበጋ ከየት እንደሚጠጡ አይታወቅም። ከገባ ደግሞ የሚያስከትለውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። «እኔ አልወስንልሽም። ሰዎቹ ሲነበብላቸው ምን አሉ?» አለችኝ።

ሰዎቹ ሲነበብላቸው እኔ የእናቴን ብርድ ልብስ ሻንጣ ውስጥ ስጠቀጥቅ ነበርኩ... እንዲያውም እሑድ ነውና ፍራው ክላይን መስኮት አከፋፈት ስታሳየኝ ነበር።

ሄጄ ልጠይቃቸው ብዬ ተነሣሁ። ለመስክ ጉዞ የመድን ዋስትና ያስፈልጋል፣ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ጋ ተርሚን ይዤ ገባሁ።

«ይህ አካባቢ በካርታችን ላይ ቀይ ነው፣ አይኬድበትም» አለኝ።

«የተወለድኩት እዚያው አጠገብ ነው።»

«ይገባኛል። ቢሆንም ቀይ ነው።»

«እናቴን ልይ ብዬ ብሄድስ?»

«እሱ የግል ጉዳይዎ ነው፣ አያገባንም።»

«እናቴን ስለ ውሃ ብጠይቃትስ?»

አሰበ። «መልሷን ይጽፉታል?»

«ልጽፈው እችላለሁ።»

«እንግዲያው ምርምር ነው። ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱ ደግሞ አይሰጥም።»

«ሳልጽፈው ባስታውሰውስ?»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ፍራው አስካለ፣ እባክዎ እንደዚህ ያለውን ጥያቄ በኢሜይል እንዳይልኩልኝ።»

በራሴ ልሂድ ብዬ ለወንድሜ ደወልኩ። «መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ ደብረ ብርሃን እንኳ እኛ ነይ ሳንልሽ እንዳትመጪ» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ቄስ ገበዙ አርፈዋል፣ ነፍሳቸውን ከቅዱሳን ጋር ይደምርልኝ። እትዬ ዘነበች ወደ ልጇ ሄዳለች ይባላል፣ የት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም። ዶክተር አየነው ደግሞ ያን እሑድ ከሌላው የተማሪዎች ቡድን ጋር ቆላ ወርደው ነበር። ስለዚህ በላቸው ጋ ደወልኩ።

«ምን ያስጨንቅሻል?» አለኝ። «አንድ ሽማግሌ ‹ጸበሉስ?› ብለው ጠየቁ። ቄስ ገበዙ ‹የእግዚአብሔር ነው፣ ሰው ቢያውቀው ምን አለ› አሉ። ተመረቀ፣ ተበላ፣ አለቀ። አስገቢው።»

ደስ ብሎኝ ለሰዓዳ ደወልኩ። በላቸው ያለውን ነገርኳት።

«ቄስ ገበዙ እንደዚያ ማለታቸው እውነት ነው» አለች። «ግን እትዬ ዘነበች ተነሥታ ‹ነገ ቧንቧ ተሸክመው ቢመጡስ? የታችኛው ቤት ልጆች ምን ሊጠጡ ነው?› ስትል በላቸው አልሰማም፣ ፎቶ ያነሣ ነበር። ማንም አልመለሰላትም። ዝም አሉ። ከዚያ ምሳ ቀረበ።»

«ዝም ማለታቸው እሺ ማለት ነው ወይስ እምቢ?»

«ወላሂ አላውቅም አስኩ። በቤተ ክርስቲያናችሁ ነገር ዝም ማለት ምን እንደሆነ እኔ ልንገርሽ?»

«ከምሳ በኋላስ?»

«እኔ ለዙህር ሰላት ዞር ብዬ ነበር። ስመለስ ተመርቆ ሰው እየተነሣ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ካርታውን በቀን አንዴ እከፍተዋለሁ። አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ናት፣ ለመጨመር ጣት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ጨምሬ አውቃለሁ፤ ያኔ ጸበሉን በቦቴ መኪና የሚያስቀዱ ሰዎችና የተቆለፈ በር ይታየኛል። አጥፍቼ አውቃለሁ፤ ያኔ ጄሪካን ያዘሉ ሴቶች ከየትም የማይመጣ ውሃ ይዘው ሲሄዱ ይታየኛል። ስጸልይበትም የሚመጣልኝ መልስ የለም፤ የሚመጣልኝ ጉሙና የሴቶቹ ሳቅ ነው። ጽሑፉን የማስረክብበት ጊዜ ደግሞ ደርሷል።

ስለዚህ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ያን የደብረ ዘይት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውድማው ላይ ለነበራችሁ። ተማሪዎቻችን እንደተበተናችሁ አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ እንደ እኔ ባሕር ማዶ ናችሁ፤ ከመንደሩም ወጣቶች ዐረብ አገር የገባችሁ አላችሁ። ስልጆው ሲቀርብ ከማን አጠገብ እንደተቀመጣችሁ አስታውሱ። ለእትዬ ዘነበች በምሳው ላይ የመለሰላት ሰው ነበር? ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ የተባባሉት ነበር? እሷ ራሷ ሲመረቅ አሜን አለች ወይስ ቀድማ ተነሥታ ሄደች? ያያችሁትን ብቻ ንገሩኝ። «አይሆንም» ብለው ከሆነ ለእኔ ትምህርት አዝናችሁ አትደብቁኝ፤ ነጥቡን አወጣለሁ፣ ለምን ባዶ እንደሆነም ለፕሮፌሰሯ እጽፍላታለሁ።

አንድ ሌላም አለኝ፣ ይኼኛው ለካርታው አይደለም። ካርታውን ስታነቡ፣ ያን መንገድ በአመድ የሠራችው ልጅ የት ሄደች ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር? ካልነበረም ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ነበር አትበሉኝ።